ግማሽ ብልቃጥ

አስር አለቃ ሙሉሰው የላፍቶን ወንዝ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠ ሲሻገር ቀኝ ጉልበቱ ከዳው። በእጁ ተመርኩዞ ከመውደቅ ቢተርፍም የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ራሰ። መጀመሪያ የዳሰሰው ጉልበቱን ሳይሆን የደረት ኪሱን ነበር። ወረቀቷን ውሃ አልነካትም። እያነከሰ ማዶ ወጣና ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

ጊዜው የ1986 ዓ.ም. ኅዳር ነው። የላፍቶ ገበሬዎች ጤፍ እያጨዱ ነበር። ከጀርባው፣ ንፋስ ስልክ ላይ፣ የፋብሪካዎቹ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሙሉሰው ገና ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሲቀመጥና ሲነሳ ያየው ሁሉ ግን ሃምሳ ይገምትለታል። አሥራ አንድ ዓመት በጦሩ ውስጥ በሕክምና ረዳትነት አገልግሏል። ጦሩ ሲበተን ከኤርትራ ተራሮች ጀምሮ በእግሩ እየተጓዘ፣ ጉልበቱ ውስጥ የቀረችውን የቦምብ ፍንጣሪ ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ከአንድ ዓመት እንግልት በኋላ ንፋስ ስልክ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ በድሬሰርነት ቀጠረው። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይቀቅላል፣ ይወጋል። ማዕረጉ ከወታደር ልብሱ ጋር ቢቀርም የሰፈሩ ሰው "አስር አለቃ" ማለቱን አልተወም፤ አንዳንዱ ሊያከብረው፣ አንዳንዱ ሊያሾፍበት።

ኪሱ ውስጥ ያለችው የጥሪ ወረቀት ትባላለች። የአባላዘር በሽታ የተገኘበት ሰው ለትዳር ጓደኛው ወይም ለወዳጁ ይዟት የሚሄድ፣ መዳፍ የማታህል ግራጫ ወረቀት ናት። የበሽታ ስም አልተጻፈባትም። "ለጤናዎ ጉዳይ ስለምንፈልግዎ ወደ ጤና ጣቢያው ይምጡ" ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ከአሥር ወረቀት ሦስት ሰው ከመጣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ሐሚዳ "ዘንድሮስ ተሻሽለናል" ትላለች። የቀሩት ሰባቱ ምድጃ ውስጥ ይግቡ፣ ቦይ ውስጥ ይጣሉ፣ የሚያውቅ የለም። የዛሬዋን ወረቀት ግን ሙሉሰው "እኔው ራሴ ላድርሳት" ብሎ ነው የተቀበለው።

ነገሩ የጀመረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ሙሉሰው ከመጋረጃው ጀርባ የላምባ ምድጃው ላይ የብርጭቆ ስሪንጆችን ይቀቅላል። ከመጋረጃው ወዲህ ሲስተር ሐሚዳ አንዲት ነፍሰ ጡር ታነጋግራለች። ሲስተር ሐሚዳ ሃያ ሁለት ዓመት በሥራው ላይ የቆየች፣ ነጭ ሻሿን ከአገጯ ሥር አጥብቃ የምታስር፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ የስልጤ ሴት ናት።

"ተናኘ፣ ባለፈው ሳምንት የሰጠሽው ደም ውጤቱ መጥቷል፤" አለች። "ሁለቱን ልጆች ያሳጣሽ ሾተላይ አይደለም። ቂጥኝ ነው።"



"እኔ?" አለች ሴትየዋ። "ሲስተር፣ እኔ እኮ ከባሌ በቀር ወንድ አላውቅም።"

"አውቃለሁ። ማንም አልከሰሰሽም።"

"አንድ ቀን እንኳ ቁስል ወጥቶብኝ አያውቅም! አሞኝም አያውቅ።"

"ሴት ላይ ቁስሉ ውስጥ ስለሚሆን አይታይም፤ አያምምም። ወንድ ላይ ቢወጣም ሳይታከም በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ሰውየው ዳንኩ ብሎ ይተወዋል። በሽታው ግን ደም ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፤ ስታረግዢ ወደ ጽንሱ ያልፋል። አንዱን በሰባት ወሩ፣ አንዱን በስምንት ወሩ የገደለብሽ እሱ ነው።" ሲስተር ሐሚዳ ካርዷን ስትገልጥ ተሰማ። "አሁን ገና አራተኛ ወርሽ ነው። ዛሬ ከጀመርን ይሄኛው የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። በየሳምንቱ ሁለት መርፌ፣ ለሦስት ሳምንት። ባልሽ ግን አብሮሽ መታከም አለበት። አንቺን ብቻ ካዳንን መልሶ ሊያስይዝሽ ይችላል።"

"እንግዲያው ይቅርብኝ፤" አለች ተናኘ። ወንበሩ ሲንቋቋ ሙሉሰው ሰማው። "ይሄ ወሬ እሱ ጆሮ ከደረሰ ዛሬውኑ ከቤት ያስወጣኛል። እናቱ እንደሆኑ 'ሾተላይ የያዛትን ፍታና ሌላ አግባ' ሲሉት ዓመት አለፋቸው። ሾተላይ ብባል ይሻለኛል፣ ሲስተር። ሾተላይ መዓት ነው፤ ሰው ያዝንልኛል። ይሄ ግን ስም ነው። ስም ደግሞ አይታጠብም።"

"ባልሽ ማን ይባላል?"

"ሲራክ ገብረ መድኅን። ድሮ መቶ አለቃ ነበር። ጦላይ የተሐድሶ ካምፕ ከርሞ ሲለቀቅ ሥራ የሚሰጠው አጣ። አሁን ከሀና ማርያም ማዶ ካባ ላይ ድንጋይ ይፈልጣል። እዚያው እያደረ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚመጣው።"

ሙሉሰው በመቆንጠጫ ያነሳው ስሪንጅ ተመልሶ ወደ ፈላው ውሃ ወደቀ።

መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ተናኘ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

"ይቅርታ፣ ሲስተር፤" አለ። "ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። ግንባር ላይ አለቃዬ ነበሩ። እኔ ሄጄ ላምጣቸው።"

"ጉልበትህስ? የሁለት ሰዓት መንገድ ነው እኮ።"

"ለምዶታል።"

ሲስተር ሐሚዳ ወደ ተናኘ ዞራ በዓይኗ ጠየቀቻት። ያለ ፈቃዷ ማንም የትም እንደማይሄድ ሁለቱም ያውቃሉ። ተናኘ ሙሉሰውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"ይንገሩት፤" አለች። "ከእኔ አፍ ግን አይስማው። እኔም ፊቱን አይቼ ምን እንደሚል ሳልሰማ አልወጋም። ቢያባርረኝም እዚሁ ያባርረኝ፤ ጎረቤት ፊት አይሁን።"

ከዚያ ወጥታ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሙሉሰው ሲወጣ ቀና አላለችም። ለሷም ሆነ ለሲስተር ሐሚዳ ያልነገራቸው ነገር ነበር። መንገዱን ሙሉ የከበደውም እሱ እንጂ ጉልበቱ አልነበረም።

ላፍቶ ዳገት ላይ ለታ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ከአጨዳው ቀና ብለው ውሃ ሰጡት።

"ወዴት ነው፣ ልጄ?"

"ካባው ጋ፣ አባባ። ከጤና ጣቢያ ነኝ።"

"ኤጭ! እዚያማ ሐኪም ገብቷል አሉ። በየሳምንቱ እየመጣ ይወጋቸዋል።" አዛውንቱ ማጭዳቸውን በአውራ ጣታቸው ፈተኑ። "የእኔም የእህት ልጅ ተወግቶ ነበር። ቂጡ መግል ይዞ አንድ ወር ተኛ።"

ሙሉሰው አመስግኖ ጉዞውን ቀጠለ።

ካባው ሲደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ኮረብታው በአንድ ጎኑ ተቆርሶ ነጭና ጥቁር ድንጋዩ ያፈጥጣል። አቧራ የለበሱ ወንዶች በዲጂኖና በመዶሻ ይፈልጣሉ፤ ሌሎቹ ገልባጭ መኪና ላይ ይጭናሉ። ከአንዲት የሸራ ጥላ ሥር አምስት ወጣቶች ተሰልፈዋል። በፊታቸው ካፖርት የለበሰ ሰው የወተት ዱቄት ጣሳ ላይ ተቀምጦ ከአንድ ስሪንጅ መርፌ ይሰጣል። ከወጋ በኋላ መርፌውን አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግ ያደርግና ለሚቀጥለው ይቀዳል። ሠራተኞቹ "ዶክተር መኩሪያ" ይሉታል።

ሙሉሰው ዝም ብሎ ማለፍ አልቻለም።

"መርፌውን መቼ ነው የቀቀልከው?"

"ጠዋት፤" አለ መኩሪያ ቀና ሳይል።

"ከጠዋት ወዲህ ስንት ሰው ወጋህበት?"

መኩሪያ ጥጡን አልኮል ውስጥ ነከረ። በእሱ ፈንታ ከተሰለፉት አንዱ፣ "ጋሼ፣ ጨብጥ ነው ያለን፤" አለ። "የጋለ ድንጋይ ላይ ስንሸና ይይዘናል። እዚህ ደግሞ ከድንጋይ በቀር ምን አለ?"

"ጨብጥ ከድንጋይም ከፀሐይም አይመጣም፤" አለ ሙሉሰው። ይህን ቃል በዚያ ዓመት ለስንተኛ ጊዜ እንደተናገረው አያውቀውም። "በግንኙነት ነው የሚመጣው። የያዛት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አይታይባትም፤ ስለዚህ መልክ አይታችሁ አትለዩም። ኮንዶም ይከላከለዋል። ከያዛችሁም ሙሉ መድኃኒት ውሰዱ፤ ወዳጆቻችሁም አብረው ይታከሙ። በአንድ መርፌ ስትወጉ ግን የአንዱ ደም ወደ አንዱ ይገባል። ጨብጥ ልትድኑ መጥታችሁ ኤድስ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።"

"ጤና ጣቢያ ሄደው ቀን ሙሉ ቢሰለፉ ማን ይፈልጥላቸዋል?" አለ መኩሪያ። የክፋት ሰው አይመስልም ነበር፤ ዓይኑ ሥር ያበጠ፣ የደከመው ሰው ነው። "መድኃኒቱ ከሁለት ብልቃጥ አልበለጠም፤ አምስት ናቸው። ላንዱ ሰጥቼ ላንዱ ልከልክል? ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሳቸዋል።"

ሙሉሰው ብልቃጧን፣ ከዚያም የሰውየውን እጅ አየ። የራሱን እጅ ያየ መሰለው። ከአራት ዓመት በፊት፣ በድንኳን ውስጥ፣ በፋኖስ ብርሃን።

"መቶ አለቃ ሲራክ የት ናቸው?" አለ ድምፁ ተለውጦ።

ከካባው ጥግ፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን የሆነ ረጅም ሰው ዲጂኖ ይሰነዝራል። ፀጉሩ ከአቧራውም ከዕድሜውም ሸብቷል። ሙሉሰው አሥር እርምጃ ሲቀረው ሳያስበው ተረከዙን አጋጥሞ ቆመ።

"መቶ አለቃ!"

ሰውየው ዲጂኖውን አወረደ። "እዚህ መቶ አለቃ የለም። ሲራክ ነው ያለው።" ዓይኑን አጥብቦ አየ። "ሙሉሰው? አስር አለቃ ሙሉሰው? አለህ እንዴ!"

ተቃቀፉ። ሲራክ ኮዳውን አንስቶ ውሃ ሰጠው፤ ከድንጋዩ ጥላ ሥር ተቀመጡ። እንደ ወጉ መጀመሪያ ሰው ተጠያየቁ። የምክትል አዛዡስ? መንገድ ላይ ቀሩ። ያ ረጅሙ የሬዲዮ ሠራተኛስ? ሱዳን ገባ አሉ። የመድፈኛው ሾፌርስ? ሙሉሰው "እሱን አላውቅም" አለና አቀረቀረ። ከዚያ ወረቀቷን አውጥቶ ሰጠው።

ሲራክ አነበባት። "ከጤና ጣቢያ? ተናኘ ምን ሆነች? ልጁ…"

"ልጁ ደኅና ነው። ወይዘሮ ተናኘም ደኅና ናቸው። ግን ደማቸው ታይቶ ነበር።" ሙሉሰው ቃሉን ሳያድበሰብስ ተናገረው። "ሾተላይ አይደለም፣ መቶ አለቃ። ቂጥኝ ነው። እርስዎም አብረው መታከም አለብዎት።"

ሲራክ መጀመሪያ የሰማ አልመሰለም። ወረቀቷን አጠፋት፤ እንደገና አጠፋት። ከዚያ የአንገቱ ሥር ተገታተረ።

"ማን ሰጣት?"

"መቶ አለቃ…"

"እኔ እዚህ ከድንጋይ ጋር እየታገልኩ፣ እሷ እዚያ…" ብድግ አለ። ሸሚዙን ከድንጋዩ ላይ ላፍ አድርጎ አነሳ። "ቅዳሜን አልጠብቅም! እናቴ ስትለኝ አልሰማ ብዬ። ዛሬውኑ ጨርቋን ጠቅልላ ትወጣለች!"

ሲስተር ሐሚዳ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ያስተማረችው ነገር ነበር። "ማን አመጣው እያልን ከሰው ጋር አንከራከርም፤ ሁለታችሁም ታከሙ እንላለን፣ በቃ" ትለዋለች። ያ ቃል ለብዙ ሰው በቅቷል። ሙሉሰው እሱን ተናግሮ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። ግን አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ሴት ታየችው።

"ይቀመጡ፤" አለ። "እሳቸው አይደሉም ያመጡት። እርስዎ ነዎት። እኔም አለሁበት።"

"ምን አልክ?"

"ኅዳር ሰማንያ ሁለት። ደቀመሐሪ። ለእረፍት አስመራ ሄደው በተመለሱ በሦስተኛው ሳምንት ድንኳኔ መጡ። የማያምም ቁስል አሳዩኝ። 'መዝገብ ላይ እንዳትጽፈው፣ ትእዛዝ ነው' አሉኝ።"

ሲራክ ሸሚዙን እንደያዘ ቆመ። "ወጋኸኝ እኮ። ዳንኩ።"

"አልዳኑም። ሙሉው መድኃኒት ሁለት ብልቃጥ ነበር። ያን ዕለት በእጄ የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። የመድፈኛው ሾፌርም በዚሁ በሽታ እየጠበቀኝ ነበር። ለሁለት ከፈልኳት። ለእርስዎ ግማሽ ብልቃጥ ደረሰዎት። ቁስሉ በአሥራ አምስት ቀኑ ደረቀ። ሳይወጉም ይደርቅ ነበር፤ ጠባዩ ነው።"

"ታውቅ ነበር?"

"እንደማይበቃ አውቅ ነበር። መድኃኒት ሲመጣ አሟላለሁ ብዬ ነበር። መድኃኒቱ ሳይመጣ የገና ፈቃድ ደረሰዎት። 'ገና አልዳኑም፣ ሚስትዎ ጋ አይድረሱ' ልልዎት እስከ ምሽግዎ በር መጣሁ። ከመኮንኖች ጋር ይስቁ ነበር። አስር አለቃ ለመቶ አለቃ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፊት እንዴት ይናገራል? ፈርቼ ተመለስኩ።"

ጥፊው ሲያርፍበት ሙሉሰው አልሸሸም፤ እጁንም አላነሳም። ጆሮው ውስጥ ጭው አለ። በአቅራቢያው የነበሩት ሠራተኞች መዶሻቸውን አቁመው አዩ። ሲራክ ሁለተኛውን ሊደግም እጁን አንስቶ ነበር፤ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ወረደ። ከዚያ ሰውየው ራሱ ወረደ፤ ድንጋዩን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።



"ክርስትና ስላልተነሱ ቤተ ክርስቲያን አልቀበርናቸውም፤" አለ። "ሁለቱንም ከቤቱ ጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር በእጄ ነው የቀበርኳቸው። ሁለተኛው ወንድ ነበር። ጥፍር ሁሉ አውጥቶ ነበር፣ ሙሉሰው።"

ሙሉሰው አጠገቡ ተቀመጠ።

"መዝገብ ላይ አትጻፍ ያልኩህ እኔ ነኝ። ተጽፎ ቢሆን አስመራ ልከውኝ ሙሉውን እታከም ነበር፤ አይደል?"

"ሊሆን ይችላል።"

"ስሜን ጠብቄ…" አለና ተወው። ፊቱን በአቧራማ መዳፉ ጠረገ። "ይሄኛው ይተርፋል?"

"ማረጋገጫ ልሰጥዎት አልችልም። አንድ ጊዜ እውነቱን ደብቄብዎት ነበር፤ ሁለተኛ አልዋሽዎትም። ግን በጊዜ ነው የተገኘው። ዛሬ ከጀመሩ አብዛኞቹ ይተርፋሉ። ወይዘሮ ተናኘ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው እርስዎን እየጠበቁ ነው። እስካሁን አልተወጉም።"

ሲራክ ሸሚዙን ለበሰ። ዲጂኖውን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ መንገዱን ያዘ።

ሲመለሱ ብዙ አላወሩም። ሙሉሰው ሲያነክስ ሲራክ እርምጃውን ቀነስ ያደርግለታል፤ ግን አያየውም። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ብቻ ቆመ።

"ኤድስ ይሆን እንዴ?"

"ይሄ ኤድስ አይደለም። ይሄ ሙሉውን ከወሰዱት ይድናል። ግን እንዲህ ያለ ቁስል ለኤድስ በር ይከፍታል፤ እሱንም ብትመረመሩ ጥሩ ነው። ሕክምናውን ጨርሳችሁ ሲስተር እስክትፈቅድ ድረስ አትነካኩም። ከዚያ ወዲያ በአንድ ሰው ከጸኑ ጸኑ፤ ውጭ ከወጡ ግን ያለ ኮንዶም አይሁን።"

ሲራክ ሳይስቅ ሳቀ። "ውጭ! ያለኝን ቤት መች ያዝኩና።" ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሙሉሰውን ደግፎ ወንዙን አሻገረው። ይቅርታ ግን አልነበረም፤ ሙሉሰውም እንደዚያ አልወሰደው።

ጤና ጣቢያው ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ደረሱ። ግቢው ባዶ ሆኗል። ተናኘ ጠዋት የተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ናት፤ ሲስተር ሐሚዳ ያመጣችላት ዳቦ ሳይቆረስ አጠገቧ ተቀምጧል። ባሏን ስታይ ተነሳች፤ አንድ እጇ ሆዷን ያዘ።

ሲራክ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ፊቷን ማየት አቃተው።

"ተናኘ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት፤" አለ። "ግንባር እያለሁ ነው የያዘኝ። ሳልድን ነው ወዳንቺ የመጣሁት። ሁለቱንም… በእኔ ነው የሞቱት።"

ተናኘ አላለቀሰችም። ቀኑን ሙሉ ስትጠብቀው የዋለችው ስድብ ሳይመጣ ሲቀር ባዶ የሆነች መሰለች።

"የመጀመሪያው ልጅ የሞተ ዕለት ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?"

"ተናኘ…"

"ሲስተር ትስማ። ምን አልከኝ?"

"'ሆድሽ መቃብር ነው' አልኩሽ።"

ሲስተር ሐሚዳ በሩ ላይ እንደቆመች ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። ሙሉሰው የሚሄድበት ጠፋው።

"እንግዲህ ያንን ቃል ተሸክመህ ኑር፤" አለች ተናኘ። "እኔ ስሸከመው ኖሬያለሁ፤ ደክሞኛል።" ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ውስጥ አለፈች። "ሲስተር፣ ውጉኝ።"

መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ እሱ ተወጉ። የወጋቻቸው ሲስተር ሐሚዳ ናት። ሙሉሰው ስሪንጁን ከፈላው ውሃ እያወጣ፣ መድኃኒቱን እያሟሟ አቀበላት፤ አራቱንም ብልቃጥ እስከ መጨረሻው ጠብታ መቅዳቱን በብርሃን እያየ አረጋገጠ። ባልና ሚስቱ ሲወጡ እኩል አልሄዱም። እሷ ከፊት፣ እሱ አሥር እርምጃ ከኋላ።

ሙሉሰው ያን ጊዜ ለሲስተር ሐሚዳ ሁሉንም ነገራት። ቆማ ሰማችው።

"ለምን ጠዋት አልነገርከኝም?"

"ሌላ ሰው የሚልኩ መሰለኝ።"

"እልክ ነበር።" ገዋኗን አውልቃ ምስማሩ ላይ ሰቀለች። "ሾፌሩስ? ያ ግማሹ የደረሰው?"

"የት እንዳለ አላውቅም፣ ሲስተር። በሕይወት ይኑር አይኑርም አላውቅም።"

ሲስተር ሐሚዳ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለችው። "ሾፌር ማኅበር ውስጥ ጠይቅ። ክፍለ ጦሩን፣ ስሙን ጽፈህ ስጠኝ፤ እኔም አስጠይቃለሁ። አሁን ወደ ቤትህ ሂድ። ነገ በሰዓትህ ግባ።"

"ልግባ?"

"እዚህ ቤት ያልተሳሳተ ሰው ብቻ ቢሠራ ማን ይቀራል? ግባ እንጂ።"

ባልና ሚስቱ በሚቀጥለው ሐሙስ መጡ። በሦስተኛውም ሐሙስ መጡ። አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ አይነጋገሩም። በሦስተኛው ሐሙስ ግን ሲወጡ እኩል ሄዱ። ተጨማሪ የደም ምርመራም ተደረገላቸው፤ ኤድስ አልተገኘባቸውም። ሲራክ ከካባው ሦስት ወጣቶች ይዞ የመጣበት ቀንም ነበር፤ መኩሪያ ፊት ተሰልፈው ከነበሩት ናቸው። "ግቡ" ብሎ በድሮ የአዛዥ ድምፁ አስገብቷቸው ውጭ ቆሞ ጠበቃቸው። ሙሉሰውን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም ይለዋል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም። የመድፈኛው ሾፌር ግን ቢጠየቅም አልተገኘም። ሙሉሰው አሁንም በየመናኸሪያው ይጠይቃል።

በሚያዝያ መጨረሻ ተናኘ ሆስፒታል ወለደች። ሴት ናት። ሲስተር ሐሚዳ ሄዳ አይታት መጣችና፣ ምድጃውን ለሚነፋው ሙሉሰው፣ "ጩኸቷ ከበሩ ይሰማል፤" አለችው። ሙሉሰው "እሺ" አለ። ከዚያ መጋረጃውን ጋርዶ ጣሳ ላይ ተቀመጠና ውሃው ፈልቶ እስኪገነፍል ድረስ አልተነሳም።

ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ሀና ማርያም ክርስትና ተነሳች። ሙሉሰው አልተጠራም፤ እጠራለሁ ብሎም አላሰበ።

ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ጠዋት፣ ተናኘ ልጇን አዝላ በጤና ጣቢያው በር ገባች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ከኋላዋ ሦስት ሴቶች በአንድ ላስቲክ ሥር ተጠልለው ተከትለዋታል። አንዷ ገና ልጅ ናት፤ አንዷ ሽበት ጀምሯታል።

"የሰፈሬ ሴቶች ናቸው፤" አለች ተናኘ ለሲስተር ሐሚዳ። "ሦስቱንም ሾተላይ ነው ብለዋቸዋል። ደማቸው ይታይልኝ።"

"የሁሉም ቂጥኝ ላይሆን ይችላል፣ ተናኘ። የባልና የሚስት ደም አለመስማማትም አለ፤ ሌላም ሌላም አለ።"

"ይታያ! ስም የሚወጣለት ከታየ በኋላ ነው።"

ሴቶቹ አንድ በአንድ ገቡ። ሙሉሰው የደም መውሰጃውን ሲያዘጋጅ ተናኘ መጋረጃው ጋ መጥታ ቆመች። ከዚያ ኅዳር ወዲህ በቀጥታ አናግራው አታውቅም ነበር። ልጅቱ ከጀርባዋ አንገቷን አውጥታ ምድጃውን ታያለች።

"አስር አለቃ።"

"አቤት፣ ወይዘሮ ተናኘ።"

"ሴቶቹን እኔ አምጥቻለሁ። የተገኘባቸው እንደሆነ ግን ወንዶቹን የሚያመጧቸው እርስዎ ነዎት። እኔ ብሄድ አይሰሙኝም።" በጣቷ ቆጠረችለት። "አንዱ ሳሪስ ዘበኛ ነው። አንዱ ጎፋ ጋራዥ ይሠራል። ሦስተኛው ያለው ዓለም ገና ከተማ ነው።"

ሙሉሰው በመስኮቱ ዝናቡን አየ። ጉልበቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ።

"ጎፋው ይቀርባል፤" አለ። "ከሱ እጀምራለሁ።"